የእሑዱ ዲፈረንሻል በሰኞ መንገድ

«እትዬ ፉሳኤ፣ ይህች መኪና በየቀኑ የምትሄደው የት ነው?»

ያን ዕለት ፉሳኤን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ኮዳይ ነበር፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጌንዞ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ከመኪና ኮሌጅ ከተመረቀ ብዙም ያልቆየ ወጣት። እሷ ወደ ጋራዡ ጎራ ያለችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ለበረዶው ወራት በጨው ከነከረችው፣ ዳይኮን ከሚባለው ረጅም ነጭ የአትክልት ሥር ለጌንዞ ልታደርስለት ነው። ጌንዞ ግን ወጣ ብሏል። ኮዳይ ልጇ ሳዋኮ የምትነዳትን ነጭ መኪና በክሪክ ሰቅሎ ከሥሯ ተጋድሟል፤ ፊቱ ብቻ ነው ብቅ ያለው።

«ወደ ሥራ ነዋ» አለችው። «ሆስፒታል። ረዳት ነርስ መሆኗን ታውቅ የለ?»

«እሱንማ አውቃለሁ። በየት በኩል እንደምትሄድ ነው የጠየቅኩዎት። በሃናዳቴ ተራራ ነው ወይስ በወንዙ ዳር? ጠዋት ስትወጣ በረዶው ተጠርጎላት ነው ወይስ ጠራጊውን ቀድማ ነው? ቁልቁለቱ ላይ እግሯን ከነዳጅ መስጫው የምታነሳው የቱ ጋ ነው?»

ፉሳኤ ደሟ ፈላ። ልጇ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ የትኛውን ካልሲ እንደምትወድ፣ ጠዋት ስንት የሩዝ ድብልብል በኪሷ ይዛ እንደምትወጣ ጠንቅቃ ታውቃለች። እግሯን የት እንደምታነሳ ግን ከየት ታውቀዋለች? እሷ ማዶ ወዳለው ከተማ ስትሄድ በወንዙ ዳር በሚያልፈው አውቶቡስ ነው። እናት የማታውቀውን ነገር ባዕድ ሲጠይቅ ጥያቄው ስድብ ይመስላል። ለፉሳኤም የመሰላት ስድብ ነው።

«አንተን ምን አገባህ?» አለችው።

ኮዳይ ከመኪናዋ ሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሥራ ጠረጴዛው በአገጩ ጠቆመ። «አለቃ ይሄን እንድገጥምላት አዘውኝ ነው።»

ፉሳኤ ከሩቅ ለየችው። የባሏ የካትሱሚ ዲፈረንሻል ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ብረት።

እዚህ ላይ የሱጊኖሜን ከተማ ልማድ መናገር ያስፈልጋል። የሱጊኖሜ ወንዶች በጋ በጋውን፣ እሑድ እሑድ፣ የሃናዳቴን ዳገት በመኪና ሽቅብ ይሽቀዳደማሉ፤ መንገዱ ይዘጋና አንድ አንድ እያሉ ከሰዓት ጋር ይታገላሉ። ካትሱሚ በዚያ ዳገት ስመ ጥር ነበር። ከእነሱ አንዱ ሲሞት ወይም ሲያረጅ መኪናው ይሸጣል፣ ዲፈረንሻሉ ግን አይሸጥም፤ ለልጅ ይወረሳል። ካትሱሚ በጉበት በሽታ ከሞተ ወዲህ ያ ብረት በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ፎቶው ባለበት በቤቱ የሙታን መሠዊያ ጎን ተቀምጦ ኖረ። ፉሳኤ በየዓመቱ የሙታን በዓል ሲደርስ ጨርቁን ትቀይርለታለች። የድሮ ባልንጀሮቹ ሲመጡ ለፎቶው ይሰግዱና ዞር ብለው ለብረቱም ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አሁን ሳዋኮ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ወንድ ልጅ ስለሌለ ወራሹ እሷ ናት፤ አካለ መጠን መድረሷ በሚከበርበት፣ ከበዓላት ሁሉ በሚበልጠው በሃያኛ ዓመት በዓሏ ላይ ያባቷን ብረት በመኪናዋ ሆድ ይዛ እንድትታይ አጎቷ ቆርጧል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ኮዳይ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይሄ ዕቃ ለዚች መኪና አይሆንም። ለሰው ሕይወትም ያሰጋል።»

«የባሌን ዕቃ ነው እንዲህ የምትለው?»

«ዕቃውን አልነቀፍኩም። ቦታውን ነው።»

ፉሳኤ ያመጣችውን ዳይኮን መልሳ ብብቷ ሥር ወሽቃ ወጣች።

መንገድ ላይ ጌንዞን አገኘችውና ሁሉንም ዘረገፈችለት፤ ስትናገር ደግሞ ትንሽ ጨመረችበት። ጌንዞ የሰማውን ይዞ ዝም የሚል ሰው አይደለም። በማግስቱ ፉሳኤ ጋራዥ ስትደርስ ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል፤ ዙሪያውን ሦስት የድሮ ተሽቀዳዳሚዎች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ኮዳይ መካከላቸው ቆሟል፤ ሳዋኮም ከሥራ መልስ ከነካፖርቷ በሩ ሥር ናት። ችሎት ይመስላል።

«ና እስቲ ዶክተር» አለ ጌንዞ። «ወንድሜ የሞተው ምንም ሳያውቅ ኖሯል፤ አስተምረን።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። ኮዳይ አልሳቀም።

«አለቃ፣ ጋሽ ካትሱሚ አዋቂ ነበሩ። ግን ይሄን ዕቃ ያዘጋጁት ለደረቅ ዳገት ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ይሄዳል። ተራው ዲፈረንሻል ሁለቱን እንደየፍላጎታቸው ይለቃቸዋል፤ ክፋቱ፣ አንዱ ጎማ በረዶ ላይ ከሟለጠ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ እዚያ ሟላጩ ጋ ይፈስሳል። ይሄኛው፣ ውስጡ ተደራርበው የሚጫጫኑ ዲስኮች ያሉት፣ ደግሞ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ያስራል።»

«ታዲያስ? ያሰረ ይሻላል፣ የለቀቀ?» አለ ጌንዞ ወደ ጓደኞቹ እየዞረ። «በበረዶ አገር ሁለት ጎማ ከአንድ ጎማ አይሻልም? ኮሌጃችሁ ውስጥ በረዶ ይዘንባል ወይ?»

«የሚያስርበት ጊዜ ነው ችግሩ። ነዳጅ ሲሰጡትም ያስራል፣ እግር ሲያነሱም ያስራል። ደረቅ መንገድ ላይ ተሽቀዳዳሚ ይሄን ይፈልገዋል፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትቆምለታለች። ረዳት ነርስ ግን ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባው መግቢያ ጋ ደንግጣ እግሯን ስታነሳ፣ የኋላ ጎማዎቿ ተጣብቀው መኪናዋን ወደፊት ይገፏታል። መሪው ቢዞርም መኪናዋ አትዞርም።»

ጌንዞ የሻይ ስኒውን አስቀመጠ። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ወንድሙ ሰዓት፣ እሱና እነዚህ ሦስት ሰዎች በጉርምስናቸው እንዲህ ባለ መኪና እየነዱ ስንቱን በረዶ እንዳለፉት ረጅም ንግግር አደረገ። ሽማግሌዎቹ በየመሃሉ «እውነት ነው» ይሉለታል። ኮዳይ እስኪጨርስ ጠበቀውና በካትሱሚ ብረት ፋንታ ባለ ጥርስ የሚባለው ዓይነት ዲፈረንሻል እንዲገባላት ለመነ። ያ ዲስክ የለውም፤ ውስጡ በሚነካከሱ ጥርሶች ብቻ ይሠራል። ነዳጅ ሲሰጡት አንዱ ጎማ ሊሟልጥ ሲል ጉልበቱን ለሌላው ያካፍላል፤ እግር ሲያነሱ ግን ጎማዎቹን ለቀቅ ስለሚያደርግ መኪናዋ ለመሪ ትታዘዛለች። ድምፅ የለውም። ዲስኩ አለቀ፣ ዘይቱ ተቃጠለ የሚባል ጣጣም የለበትም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ጎማው ጭራሽ በመስታወት በረዶ ላይ ቢያርፍስ? ያ የጥርስ ነገር ያድናታል?» ሲል ጠየቀ።

ኮዳይ ትንሽ አመነታ። «አያድናትም። አንዱ ጎማ ምንም ካልያዘ ባለ ጥርሱ እንደሌለ ቁጠሩት።»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። «አሻንጉሊት ነዋ» አሉ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።»

ኮዳይ ጆሮው ቀላ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። «አዎ፣ ያን ጊዜ መኪናዋ ቆማ ትቀራለች። ቆማ የቀረችን መኪና በአካፋ ያወጧታል። ገደል የገባችን በምን ያወጧታል?»

ሳቁ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ነው ሳዋኮ ከበሩ ሥር የተናገረችው። «ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ሆነን ቃሬዛ ይዘን ኮሪደር ስንታጠፍ፣ የውጪዋ እርምጃዋን ታረዝማለች፣ የውስጧ ታሳጥራለች። እግራችንን አንድ ላይ ብታስሩት በሽተኛውን ይዘን ግድግዳው ላይ ነው የምንለጠፈው።»

«አንቺ ዝም በይ» አለ ጌንዞ። «ያባትሽ ነገር ሲነሳ አንገትሽን መድፋት ነው ያለብሽ።»

«የምነዳው እኔ፣ የምደፋው እኔ። ምን እንደምፈልግ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ጌንዞ ያልሰማ መስሎ ወደ ኮዳይ ተመለሰ። ከዲፈረንሻሉ ጋር አብሮ የሚገባውን አጭር ጥርስ አነሳበት። ይህ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት የሚዞርበት የማርሽ ጥርስ ነው፤ ዳገት ላይ መኪናን እንደ ሚዳቋ ያዘልላል። ኮዳይ እሱንም ተቃወመ። ሜዳው መንገድ ላይ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ እንደሚውል፣ ነዳጅ እንደሚጠጣ፣ በረዶ ላይ ደግሞ የበዛ ጉልበት ጎማ ያሽከረክራል እንጂ መኪና እንደማያስኬድ፣ እግር ሲያነሱም ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን አንቆ እንደሚይዝ አንድ በአንድ አስረዳ። ጌንዞ አልሰማውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ ያልሆነ ሰውም በሞተ ወንድሙ ስም የያዘውን ነገር እንዲሁ አይለቅም።

«ከዛሬ ጀምሮ የልጅቷን መኪና እንዳትነካ» አለው። «ራሴ እገጥመዋለሁ። ካልጣመህ በሩ ያውልህ።»

ኮዳይ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ።

ሳዋኮ እናቷን አየቻት። «ከተገጠመ መኪናዋን እዚሁ ትቼ የሆስፒታሉ ማደሪያ እገባለሁ። እማዬ፣ ቁርጡን ነው የምነግርሽ።»

ፉሳኤን የኮዳይ ንግግር አሁንም እንደ እሾህ ይወጋታል፤ የባሏ ነገር በሦስት ሽማግሌ ፊት ተንቋል። ልጇ ከሄደች ግን ያ ቤት በበረዶው ወራት ምን ይሆናል? አንድ ሰው ብቻውን ሩዝ ቀቅሎ ለማን ያቀርባል? ካልሄደችና ኮዳይ ያለው እውነት ከሆነስ? ሁለት ፍርሃት አንድ ደረት ውስጥ ሲጋጩ ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ፤ ያም ድፍረት ነው።

«ጋሼ፣ ግጠመው» አለች። «እሑድ ግን አንተው ትነዳታለህ፣ እኔም እሳፈራለሁ። ልጄ በምትሄድበት መንገድ፣ እስከ ማዶ።»

ጌንዞ ደስ አለው። «ይኸው ሴት ማለት» አለ ወደ ጓደኞቹ።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ አመድ መስሏል። የሳዋኮ መኪና አዲስ የበረዶ ጎማ አድርጋ፣ ያባቷን ብረት በሆዷ ይዛ ተነሳች። ጌንዞ መሪ ጨበጠ፤ ፉሳኤ ጎኑ፣ ሳዋኮ ከኋላ። መጀመሪያ የገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ገቡ፤ ፉሳኤ ዘመድ ቤት የምትወስደው መንደሪን ልትገዛ ነበር። ጌንዞ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው እየተንጫጫ አስፋልቱን ፈተገ፤ ከመኪናዋ ሥር ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ወጣ። ቅርጫት የያዙ ሴቶች ዘወር ብለው አዩዋቸው። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን እጁን ይዛ ወደ ዳር አወጣችው።

«ተሰበረ እንዴ?» አለች ፉሳኤ።

«ኧረ ጤና ነው። ዲስኩ ሲይዝ ነው። የወንድ መኪና እንዲህ ነው የሚናገረው።»

«የምትነዳው ግን ሴት ናት» አለች ሳዋኮ ከኋላ።

የሃናዳቴን ዳገት ሲይዙ ግን የጌንዞ ፊት በራ። መኪናዋ በእውነት ዘለለች። የተጠረገው አስፋልት እርጥብ ቢሆንም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ቧጥጠው ሽቅብ ወሰዷቸው። ጌንዞ የወንድሙን ስም እየጠራ፣ እዚህ ጋ እንዲህ ይገባ ነበር፣ እዚያ ጋ እንዲህ ይወጣ ነበር እያለ እንደ ጎረምሳ አወራ። ፉሳኤም ለአፍታ ባሏን ያየች መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያ ደስታ ውሸት አልነበረም። አሮጌ ልማድ ክፉ ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ማን ይይዘው ነበር? ዳገቱ ላይ ደግ ስለሆነ ነው ቁልቁለቱን የሚያስረሳው።

ቁልቁለቱ ከጫፉ ማዶ፣ ጥድ በሚጋርደው በኩል ይጀምራል። እዚያ ፀሐይ አይገባም፤ መንገዱ ላይ ስስ በረዶ አለ። ጌንዞ አልፈጠነም፤ ይህን መመስከር ይገባል። አንድ ኩርባ ሲቃረብ እንደማንኛውም ሰው እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሳ። ሞተሩ በአጭሩ ጥርስ ጎማዎቹን አንቆ ያዘ፤ ዲስኩ ሁለቱን አንድ ላይ አሰረ። ጌንዞ መሪውን አዞረ። መኪናዋ ግን አልዞረችም፤ በቀጥታ፣ በዝግታ፣ ማንም እንዳላዘዛት በሬ ወደ መንገዱ ዳር ሄደች። የፊት ጎማዎቿ ወደ ግራ ያያሉ፣ አካሏ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ባለው የብረት አጥርና በእነሱ መካከል ጠራጊው የቆለለው የበረዶ ግድግዳ ነበር። አፍንጫዋን እዚያ ቀብራ ቆመች። መንደሪኖቹ ከከረጢታቸው ፈስሰው በፉሳኤ እግር ሥር ተንከባለሉ።

ማንም አልተጎዳም። ከአጥሩ ወዲያ ወንዙ ከታች ይታያል።

ከዚያ ጌንዞ አፉን ከፈተ፤ ምናለ ባልከፈተው። ጎማው አዲስ ስለሆነ አልተለማመደም አለ። መንገዱን የሚጠርጉት ሰዎች ሰነፎች ናቸው አለ። በመጨረሻም ሴቶች መኪና ውስጥ ሲያወሩ ሐሳብ ይሰረቃል አለ።

የፉሳኤ ቁጣ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። አልጮኸችም። ቀበቶዋን ፈታችና ወደ እሱ ዞራ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አሁን እኔን ስማኝ። ይሄን ብረት ካትሱሚ አንድም ሰኞ ነድቶት አያውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ረሳኸው? ከእሑድ ውድድር ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ይገባ ነበር። ይሄን ያወጣና ተራውን ይመልሳል። እኔ ነበርኩ ባትሪ ይዤ የማበራለት። እጄ እስኪደነዝዝ ቆሜ፣ ‹ምናለ ነገ ብታወጣው› እያልኩ እነዘንዘው ነበር። ‹ነገ ሰኞ ነው፣ እንጨት መሰንጠቂያው ሥራ እሄዳለሁ› ነበር መልሱ። እኔ ሞኟ ለዕቃው ሳስቶ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለራሱ ነው የሳሳው። ለእኔና ያን ጊዜ በደረቷ ትሳብ ለነበረችው ልጁ ነው።» ወደ ኋላ፣ ወደ ሳዋኮ ጠቆመች። «ሟቹ ራሱ ሰኞ ያልነዳውን ልጁ ሰኞ እንድትነዳው ማን አዘዘ? እናንተ ናችሁ እንጂ እሱ አይደለም። ስሙን ይዛችሁ እሱ ያላደረገውን ታደርጋላችሁ፤ ይሄ ነው ክብሩ? አንድ ልጅ ደፍሮ እውነቱን ቢናገር ዶክተር ብላችሁ አሾፋችሁበት፤ እኔም ዳይኮኔን ነጥቄው ወጣሁ። ሰባት ሰው ባለበት ጋራዥ ውስጥ የልጅቱ መንገድ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ያን ሰው ነው ያባረርከው።»

ጌንዞ እጁን ከመሪው አላነሳም። ቆይቶ፣ በደከመ ድምፅ፣ «ወደ ውድድር ስንሄድ መኪናውን በጭነት ነበር የምንወስደው» አለ። «የምጭነው እኔ ነበርኩ። ይሄ ብረት እያለበት መንገድ ላይ አይነዳውም ነበር። እውነትሽን ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እሱ የነካው ሌላ ዕቃ የለኝማ።»

ፉሳኤ መንደሪኖቹን ለቅማ በሩን ከፈተች። ሦስቱም ወርደው በረዶውን በአካፋ ዛቁ።

ጌንዞ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጸጉር አስተካካዩ ፎቅ ላይ ወደምትገኘው የኮዳይ ክፍል ሄደ፤ ፉሳኤ ዳይኮኑን ይዛ ተከተለችው። ሽማግሌው በወጣቱ ደጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ለሱጊኖሜ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ኮዳይም ደንግጦ ከእሱ የበለጠ ጎንበስ አለ። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ከተባረረ በኋላ ለኮሌጅ መምህሩ ደውሎ ሴንዳይ ከተማ ባለ ጋራዥ ሥራ አግኝቷል፤ አዲሱ ዓመት እንደገባ ይጀምራል።

«ቃል ሰጥቻለሁ አለቃ» አለ። «የሳዋኮን መኪና ግን ሳልሠራ አልሄድም።»

ባለ ጥርሱን ጌንዞና እሱ አብረው ገጠሙት። ጌንዞ ሥራው መሃል ላይ አሁንም ትንሽ ተከራክሯል፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። የመጨረሻውን የማርሽ ጥርስ ቢያንስ በአንድ ደረጃ እናሳጥረው፣ ዳገቱ ላይ ይረዳታል አለ።

«እኔ አይደለሁም የምወስነው፤ እርስዎም አይደሉም» አለ ኮዳይ። «የምትነዳውን እንጠይቃት።»

ጠየቋት። ሳዋኮ ዳገቱን የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ በወተት መኪናው ኋላ በሁለተኛ ማርሽ እንደሆነ፣ እዚያ ቸኩላ የምታተርፈው እንደሌለ፣ ከተራራው ማዶ ያለው ሜዳ ግን ረጅም እንደሆነና አዳር ሠርታ ስትመለስ የሞተር ጩኸት ራሷን እንደሚያዞራት ነገረቻቸው። ጌንዞ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ከፋብሪካ የመጣችበት ጥርስ ይቀመጥ» አለ፤ ይህን ቃል ከእሱ አፍ የሰማ ሰው የሱጊኖሜ ታሪክ ተገለበጠ ሊል ይችላል።

የካትሱሚን ብረት ጌንዞ እንደገና ወደ ጨርቁ አልመለሰውም። እሑድ ብቻ ለሚሽቀዳደም፣ መኪናውን በጭነት ለሚያመላልስ አንድ የዳገቱ ወጣት ሰጠው። ብረቱ አሁን ሥራውን እየሠራ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ወገን ሁሉ እዚህ ላይ ያስተውል። መልካም ዕቃ የሚባለው ውድ የሆነው፣ ጠንካራ የሆነው ወይም ታላቅ ሰው የነካው አይደለም፤ ለሚውልበት ሥራ የሚስማማው ነው። ለየቀኑ መንገድ የሚሆን ዲፈረንሻል ጠዋት ዝም ብሎ የሚወጣ፣ ኩርባ ላይ መሪ የሚታዘዝ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚያካፍል፣ እግር ሲያነሱ የሚለቅ ነው። ለየቀኑ መንገድ የሚሆን ጥርስ ሞተሩን የማያስጮህ፣ ጉልበቱን በልክ የሚያወርድ ነው። ይህም ሆኖ በበረዶ ላይ ጥሩ ጎማንና የሰከነ እግርን የሚተካ ብረት የለም። የሳዋኮ መኪና ከዚያ ወዲህ ሙሉውን የበረዶ ወራት ጥድ ሥር ያለውን ኩርባ ያለ ጭንቅ አለፈች። አንድ ጠዋት ብቻ ደጃቸው ያለው መስታወት በረዶ ላይ አንዱ ጎማ ሟልጦ ቆማ ቀረች፤ ኮዳይ እንደተናገረው ማለት ነው። እናትና ልጅ በምድጃ አመድና በአካፋ አወጧት፤ ሳዋኮም ሥራ ገባች። ፉሳኤም ልጇ እግሯን የት እንደምታነሳ አሁን ታውቃለች፤ ብዙ ጠዋት ጎኗ ተቀምጣ ተራራውን ተሻግራለችና።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጌንዞ የኮሌጅ ልጅ አሽከር ሆነ ብለው መኪኖቻቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰዱ። በእነሱ ፋንታ የትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ አዋላጇ፣ ወተት አመላላሹ መምጣት ጀመሩ። ጌንዞ እያንዳንዳቸውን አስቀምጦ ስለሚሄዱበት መንገድ ያስለፈልፋቸዋል። ፉሳኤን የሚያንገበግባት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እውነቱን ቀድሞ የተናገረው ሰው ዋጋውን የከፈለውም እሱ መሆኑ።

የሃያኛ ዓመቱ በዓል ከማለፉ በፊት ኮዳይ ሻንጣውን ይዞ በወንዙ ዳር አውቶቡስ ወደ ሴንዳይ ሄደ። ሳዋኮ ማደሪያ አልገባችም፤ ከእናቷ ጋር ቀረች።